ክትትል ላይ ነዎት

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ከረመዷን በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ የየትኛው ዓመት ረመዷን እንደሆነ ብትጠይቁኝ ግን ይምታታብኛል። ግራ መንጋጋዬ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል እብጠት ወጣች። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገር የምለካው በቁልፍ ነው። አታመኝም ነበር።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ነካክቶ "ቶሎ መውጣት አለባት" ብሎ የቀጠሮ ካርድ ሰጠኝ። ስወጣ አንድ ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት ኮሪደሩ ላይ በትሕትና አናገረኝ። የካንሰር ጥናት እንደሚሠሩ፣ መንጋጋዬን በየሦስት ወሩ በትልቁ ማሽን እንደሚያነሱ፣ ኮምፒውተሩም ከብዙ ሰው ስዕል ተምሮ እጢ ወደፊት የት እንደሚደርስ እንደሚተነብይ ነገረኝ።

"ሩቁን የሚያውቅ አላህ ነው" አልኩት።

"እሱማ ልክ ነው አባባ፤ የእኛ ግምት ነው" ብሎ ሳቀ።

ሦስት ገጽ ወረቀት በችኮላ አነበበልኝ። ፊደል ቆጥሬያለሁ እንጂ እንዲህ ያለውን አልዘልቀውም። ስሜን በዝግታ ጽፌ ፈረምኩ። "ከዛሬ ጀምሮ ክትትል ላይ ነዎት፤ እንዳያቋርጡ" አለኝ።

እኛ ዘንድ ክትትል ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የስኳር ክትትል፣ የደም ግፊት ክትትል እንላለን፤ ሐኪም ይዞሃል ማለት ነው። በሁለት ቤት መታከም ምን ያደርግልኛል ብዬ የሐኪሙን ቀጠሮ ተውኩት።

ከአጠገቤ የሚሰፋው ወዳጄ ያሾፍብኝ ነበር።

"ምን አዘዙልህ?"

"ክትትል ላይ ነኝ አልኩህ እኮ።"

"ክትትልማ ፖሊስም ያደርጋል። ሌባው ሰርቆ እስኪጨርስ ቆሞ ያያል።"

ተቀይሜው ያን ቀን ሙሉ አላናገርኩትም።

በዓመቱ ለአረፋ ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ወረድኩ። እብጠቷ እንቁላል አክላለች። ሥጋ ቀርቦልኝ ማኘክ አቃተኝ። የልጄ ሚስት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ምላሰ ስለታም ሴት ናት፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አንግባባም ነበር።

"አባዬ፣ መድኃኒትዎ የታለ?"

"ክትትል ላይ ነኝ።"

"እሱን ሰማሁ። የሚዋጠው የታለ?"

ወረቀቱን ከኮቴ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ ጀመረች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ተቀመጠች።

"'ይህ ጥናት ሕክምና አይደለም፤ ተሳታፊው ሕክምናውን በሐኪሙ ዘንድ ይቀጥላል' ይላል። እነዚህ ሰዎች እያከሙዎት አይደለም አባዬ። እያዩዎት ነው።"

በዓሉ እንዳለፈ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ይዛኝ ደሴ ወጣች። ወጣቱን አገኘነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀጠሮዬን እንደተውኩ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ "ትንበያው ግን ልክ ነበር፤ እዚህ እንደሚደርስ ከመጀመሪያው ስዕል ለይቶታል" አለን።

"ለማን ነገረው?" አለችው።

ኮምፒውተሩን ዘጋው።

ወላሂ፣ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ባያውቁ ኖሮ አልቀየምም ነበር፤ ሰው ሁሉን አያውቅም። አራት ጊዜ አንስተውኛል፤ አራት ጊዜ በማስመሪያ ለክተው ጽፈዋል። አንድ ጊዜ እንኳ "ሐኪምዎ ዘንድ ሄዱ ወይ?" ያለኝ የለም። ወጣቱ "ወረቀቱ ላይ ተጽፏል" አለኝ። ወረቀቱ ላይ ያለውማ እዚያው ወረቀቱ ላይ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከአፍህ ነው አልኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ በሰው ላይ ስናገር በዕድሜዬ ያ ሁለተኛዬ ይሁን ሦስተኛዬ።

ሐኪም ቤቱ አዲስ አበባ ላከኝ። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም "ያኔ ቢመጡ እብጠቷን ብቻ ነበር የማወጣው" አለኝ። አሁን ግራ መንጋጋዬ መነሳት ነበረበት፤ በምትኩ ከቅልጥሜ ጎን ቀጭኗን አጥንት ወስዶ ሊሠራልኝ።

"ከሱሪ እግር ቆርጦ ኮሌታ መጣፍ ነው በሉኛ" አልኩት።

"እንደሱ ነው አባባ። ክሩ ግን በዓይን አይታይም።"

ሠራልኝ፤ አላህ ይስጠው። ዛሬ እበላለሁ፣ እናገራለሁ። አንዳንድ ቃል ግን ከከንፈሬ ይፈስሳል፤ ደንበኞቼም ያልሰሙኝን እንደሰሙ ሆነው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ለቀላል ነገር ይሄን ያህል መክፈሌ ያናድደኛል።

የጥናቱ ሰዎች ቆይተው ደወሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውንም ስዕል ይፈልጉታል። እመጣለሁ፣ ግን በራችሁ ላይ ተቀምጬ ለሚፈርመው ሰው ሁሉ "ይሄ ሕክምና አይደለም" ልበለው፣ ፍቀዱልኝ አልኳቸው። ተነጋግረን እንደውላለን አሉ። አልደወሉም።

በአፌ ምንም በማላስገባበት ጊዜ፣ በአፍንጫዬ በገባችው ቱቦ አጥሚት በሲሪንጅ ቀስ አድርጋ እየገፋች ያከረመችኝ አንዲት ሰው ናት። "ዛሬማ መልስ መስጠት አይችሉ፤ የልቤን ልንገርዎት" እያለች ታስቀኝ ነበር፤ ስስቅ ስፌቱ ያመኝ ነበር። ያቺ የልጄ ሚስት ናት።