የግንደቆርቁር ሚስትና የመጋዙ ምላስ

ሰፈሩ ባሏን ግንደቆርቁር ይለው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዛፍ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ የወደቀውን ይከትፋል፣ ጣራ ላይ ያዘነበለውን በገመድ አስሮ ያወርዳል። እሷም ስሟ ተረስቶ የግንደቆርቁር ሚስት ሆና ቀረች። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ስለ ሞተር መጋዝ የምታውቀው ጩኸቱንና ከባሏ ሱሪ ላይ አልለቅ የሚላትን የዘይት እድፍ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ቀኝ እጁና እግሩ አይታዘዙትም፤ ከአንደበቱም የቀረችለት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ «ነገ»። ሲርበው ነገ፣ ሲስቅ ነገ፣ ሲናደድም ነገ። ሐኪሙ የሚነገረው ሁሉ ይገባዋል፣ መልሱ ነው የሚጠፋበት ብሏታል። እሷ ግን የትኛው ነገ አዎ፣ የትኛው ነገ እምቢ እንደሆነ መለየት አቅቷት ፊቱን ስታጠና ትውላለች።

መጋዙን መጀመሪያ የወሰደው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ቤቱ እንዳይጎድል እኔ እሠራበታለሁ ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ዝርግ ብረት፣ እነሱ ምላስ የሚሉትን፣ ግንድ መሃል አጣብቆ እንደ ቀስት አጉብጦ መለሰው። ከዚያ ወዲያ ወገቤን አመመኝ አለ። እሷም ስፌቱ ብቻውን ቤቱን እንደማይዘው ስላየች፣ የባሏን ቦት ጫማ ጨርቅ ጠቅጥቃ አጠለቀችና እኔው እሞክራለሁ አለች። ዋርሳዋ ሳቀ። ባሏ «ነገ» አለ።

ሥራው ሳይርቅ መጣ። ነፋስ የገነደሰው ትልቅ ዛፍ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተጋድሞ መኪና አላስገባ አለ። ዳይሬክተሯ የልጆቹን የደንብ ልብስ የምታሰፋው እሷ ዘንድ ነውና፣ እስከ ሐሙስ እጠብቅሻለሁ፣ ካልሆነ ሌላ ሰው እጠራለሁ አለቻት። እንግዲህ አዲስ ምላስ መግዛት ሊኖርባት ነው። ግን ስንት ርዝመት ያለው?

ዋርሳዋ ሰባ ሳንቲሜትር ግዢ አላት፤ ግንዱ ወፍራም ነው፣ ደግሞም ረጅም መጋዝ የያዘ ሰው ይከበራል። የዕቃ መደብሩ ባለቤት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትውል ሴት፣ ይሄ መካከለኛ ሞተር ነው፣ ከአምሳ በላይ ብታሸክሚው ይለግማል አለቻት። ምስማር ሊገዛ የቆመ አናጢ ደግሞ ሳይጠየቅ አርባ ይበቃል አለ። ሦስቱም እርግጠኞች ነበሩ። እንዲህ እርግጠኛ የሆነ ሰው እንዴት ሦስት ዓይነት ይናገራል ብላ ዞረባት።

ቤቷ ገብታ ባሏን ጠየቀችው። ግራ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በክርኑ መታ መታ አደረገ። «ነገ። ነገ።» ክንዱን ያመመው መስሏት ቅባት አምጥታ አሸችው። እንደገና መታ። እንደገና አሸችው። በመጨረሻ እጁን መንጭቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እሷም ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ቅባቱን ከድና ተቀመጠች።

ከሦስቱ መጋዙን ይዞ ያየው ዋርሳዋ ብቻ ነው ብላ ሰባውን ገዛች። ባለ መደብሯ ቅር እያላት ሸጠችላት፣ ካልሆነልሽ መልሺው ብላ። እንዳለችውም መጋዙ እንጨት በነካ ቁጥር እያቃሰተ ይጠፋ ጀመር። ማክሰኞ ሞተር ብስክሌት ወደሚጠግነው መካኒክ ወሰደችው። ካርቡራተሩ ጎን ሦስት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ ሚኒሞውን፣ ሞተሩ ሲያርፍ እንዳይጠፋ የሚያደርገውን፣ ይይዛል፤ ሁለቱ ደግሞ ሞተሩ በዝግታና በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ የሚገባለትን ቤንዚን ይመጥናሉ። መካኒኩ የመጨረሻውን በካቻቢቴ ጠበቅ ጠበቅ አደረገና አስነሳው። መጋዙ ጆሮ እስኪበሳ ጮኸ።

«አሁን ጉልበት አገኘ» አላት።

ደስ ብሏት ሄደች። ረቡዕ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ መቁረጥ ጀመረች፤ መጋዙ እንደ ጉድ እየጮኸ ሄደላት። ብዙ አልቆየም። የሰንሰለቱ ማለስለሻ ዘይት እስከ ምላሱ ጫፍ አልደርስ ብሎ ሰንሰለቱ ጨሰ፤ ቀጥሎ ሞተሩ እሳት ሆኖ ጸጥ አለ። ገመዱን ብትስብ፣ ብትስብ ወይ ፍንክች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቤንዚን በዝቶበት ይሆናል አላት። የሚያልፍ ሰው አንሶት ነው አለ። እሷ ግንዱ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበት አገኘ የተባለ ነገር እንዴት በአንድ ጊዜ ይሞታል? ማንን ትመን? የስፌት መኪናዋ ሲበላሽ እንኳ አንድ ነገር ነው የሚበላሸው፤ የሚወቅሱት ክር ወይም መርፌ አለ።

መጋዙን ተሸክማ ወደ መደብሩ ተመለሰች። ባለ መደብሯ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ካየችው በኋላ፣ ቤንዚኑ ውስጥ የሚደባለቀው ዘይት ነው ሞተሩን የሚያለሰልሰው፤ ብሎኑ ጠብቆ ቤንዚኑን ስትነፍጊው ዘይቱንም ነፈግሽው አለቻት።

«ጩኸት ጉልበት አይደለም፣ እህቴ። አልተቃጠለም፤ ፈጣሪሽን አመስግኚ።»

የአምሳው ምላስ አልቋል። አርባና አርባ አምስት ከነሰንሰለታቸው ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላት። የግንደቆርቁር ሚስት እያየች ቆማ፣ አርባ አምስቱ አጠገብ የራሷን ክንድ አሳረፈች፤ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ የብረቱን ያህል ሊሆን ትንሽ ቀረው። አርባ አምስቱን ይዛ እየሮጠች ቤት ገባች፣ የባሏን ግራ ክንድ ጠረጴዛው ላይ አጋደመች፣ ብረቱንም ጎን ለጎን አስተኛችው። ልክክ አለ።

«ክንድ ነው ስትለኝ የነበረው?»

«ነገ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከሳቅ ይሁን ከንዴት አልለየችውም። ምናልባት ያን ዕለት በእውነት ክንዱን አሞት ከሆነስ? እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሐሙስ ማለዳ መጋዙን ከመስኮቱ ሥር ካለው ጉቶ ላይ አስቀመጠች። ባለ መደብሯ እንደነገረቻት ማጣሪያውን አራግፋ አጸዳች፣ የጠበቀውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ትፈታ ጀመር። እንጨት ሳይነካ በባዶ ሙሉ ቤንዚን ስትሰጪው ትንሽ ይንተፋተፍ፣ እንጨት ሲገባ ድምፁ ይጥራ፣ ሲያርፍ ደግሞ ሰንሰለቱ ይቁም ተብላለች። መንተፋተፍ የቱ ነው? መጥራትስ? ለእሷ ሁሉም ጩኸት ነው። ባሏን በመስኮት ታያለች። መጋዙ ሲጮህ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ስትፈታው ግንባሩ ይላላል፤ ቤንዚኑ ሲበዛና መጋዙ ሲያጓራ በአፉ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። እያየችው እሩብ ዙር ወደዚህ፣ ሲሶ ወደዚያ ስታደርግ ቆየች። በመጨረሻ ቀና ብትል እንቅልፍ ወስዶታል። ልክ ስለሆነ ነው ወይስ ስለደከመው? መጠየቂያ የለም። ካቻቢቴውን ኪሷ ከታ ሄደች።

ዋርሳዋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ምላሱ ከግንዱ ያንሳል፣ አልሆነም አላት። እሷም ከወዲህ ወገን ግማሹን ከረከረች፣ ዞራ ከወዲያ ወገን ገባችበት፤ ሁለቱ ቁርጦች ሙሉ ለሙሉ ባይገጥሙም ተገናኙ። እንጨት ውስጥ ሲገባ የመጋዙ ድምፅ ተለወጠ። ጠራ ያሉት ይሄ ይሆን? ሰንሰለቱ ግን አልጨሰም፤ የሚወጣውም ዱቄት ሳይሆን ወፍራም ፍቅፋቂ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ዘበኛው ማን አስተማረሽ ቢላት፣ ባሌ ልበል፣ ሱቀኛዋ ልበል፣ ራሴ ልበል እያለች ፍቅፋቂውን ከበሩ ወደ ዳር ትጠርግ ጀመር።

አሁን ሁለት ዓመት አልፏል። ጠዋት ጠዋት እየሰፋች ከሰዓት ትቆርጣለች። አንዳንድ ቀን መጋዙ በብርድ አልነሳ ይላታል፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ በሌላ ቀን ደግሞ ሳትነካው ይነሳል፤ እሱንም አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ዋርሳዋ አቀርቅሮ መጣ። የጓደኛው መጋዝ እየጮኸ አይቆርጥም፣ መካኒኩም አልቻለበትም።

«እትዬ፣ አንቺ ትችይበታለሽ ተብሎ ነው።»

እኔ እኮ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም ልትለው አስባ ነበር። ተወችው። ስፌቷን አስቀምጣ ተነሳች፤ መንገድ ላይም የሰውየው ሞተር መጠኑ ስንት እንደሆነና ምላሱ ምን ያህል እንደሚረዝም ትጠይቀው ጀመር።