እንደ ጋን የታጠነው እንዳለው

እንዳለው የሚባለው የባጃጅ ሹፌር በሥራ ላይ እያለ ቡሬ ንጹሕ አየር አግኝታ አታውቅም። ባጃጁ ከነቀምት መገንጠያ ተነሥታ ገበያ እስክትደርስ የምትጎትተውን ጥቁር ደመና ያዩ ሴቶች፣ ዝናብ መጣ ብለው ያሰጡትን በርበሬ ለማንሣት ይሯሯጡ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ ተባለና ባጃጅ ሁሉ ቆመ። እስከ መቼ? አንዱ እስከ ክረምት ይላል፣ ሌላው እስከ ስምንተኛው ሺህ። አየሩ ግን ጠራ። ከቡሬ ሆነው ጮቄ ተራራ ላይ የሚግጠውን በግ ቀለም ለየን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ጥቁር ነው ነጭ ነው በሚለው ብቻ አልተስማሙም።

ይህን አየር እንዳለው አልቀመሰውም። ባለቤቱ ሥርጉት ጠላ ሻጭ ናት፤ ጋኗን በወይራ ጭስ ሳታጥን ጠምቃ አታውቅም። የበሽታውን መድኃኒት የሚያውቅ ሲጠፋ፣ በሙያዋ ፈረደች።

«ጋን የሚያጸዳ ወይራ ሳንባ የማያጸዳው ለምንድን ነው?»

«ሳንባ ጋን ነው እንዴ?»

«የሳንባህን አላውቅም፤ ሆድህ ጋን ለመሆኑ ግን እኔው ምስክር ነኝ። ቁጭ በል!»

በርና መስኮት ተዘጋ። ጠዋት ወይራ፣ ማታ ወይራ። ጎረቤቱም ከወንዙ ዳር ወይራ እየቆረጠ ይታጠን ጀመር። ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ስለሚጨስ፣ የደጁ ንጹሕ አየር ተንፋሽ አጥቶ ለአሞራ ቀረ።

እንዳለውን ሳል ያዘው። በዚያ ሰሞን ማሳል ከመስረቅ ይብሳል፤ ለይቶ ማቆያ የገባ አይመለስም ይባል ነበር። ጋቢ ጎርሶ ቢያስልም ሥርጉት ሰማችው። ጭሱን ጨመረች። ጭሱ ሲጨምር ሳሉ ጨመረ፤ ሳሉ ሲጨምር ጭሱ።

ነርሷ ትሕትና ቤት ለቤት ስትዞር ደረሰች። «ሳል አለዎት?» አለችው፣ በደንቡ መሠረት ራቅ ብላ።

እንዳለው ትንፋሹን ውጦ «የለም» ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዚያ የለቀቃት ሳል ደጅ የቆመችውን ባጃጅ ልታስነሣ ምንም አልቀራት።

ወሰዱት። ለይቶ ማቆያው የትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ መስኮቱ መስታወት የለውም፣ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል። እንዳለው በላ፣ ተኛ፣ ተነፈሰ። ሳሉ ጠፋ። የምርመራ ውጤቱም ነጻ ሆነ።

«ይሂዱ፣ ነጻ ነዎት» አለችው ትሕትና።

«በሽታው ገና በቅጡ አልታወቀም ትሉ የለ? ትንሽ ብቆይስ?»

«ሌላው ለማምለጥ አጥር ይዘላል፤ እርስዎ ደግሞ ይለምናሉ!»

ሰፈሩ ሲደርስ የወንዙ ዳር ራሰ በራ ሆኗል። ከወይራው ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ሥርጉት ደጅ ላይ ሰው ተሰልፎ የወይራ ቅጠል ይጠብቃል።

«አያ እንዳለውን ያዳነው ወይራ!» ይላል ጎረቤቱ ክንፈሚካኤል።

«እኔን ያዳነኝ የተሰበረ መስኮት ነው!»

«እረ በማርያም! በሽታው አናቱ ላይ ወጥቷል። እንደገና ይታጠን!»

ሥርጉት ፍሙን ስታራግብ እንዳለው መጥረቢያ አነሣ። ወይራ ፍለጋ የሚወጣ መስሏቸው መረቁት። እሱ ግን ዞሮ የገዛ ቤቱን መስኮት ከነመቃኑ ገንድሶ ጣለውና፣ በቀዳዳው አንገቱን አውጥቶ አየሩን ይምግ ጀመር።

ሥርጉት የወደቀውን ሳንቃ አንሥታ አሸተተችው።

«አንተ፣ ይህ ምን እንጨት ነው?»