ከሊሙ ገነት ያመጣናት የዛገች ላንድሮቨር

ሥራ የጀመርኩት ከመኪና ሆድ ሥር ተኝቼ ነው። ጋራዡ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ባለቤቱ ሐጂ ኢብራሂም ይባላሉ። ጠዋት ስደርስ የት እንደተማርኩ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም መልስ አልነበረኝም፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። አንድ መፋቂያ ብረት፣ አንድ ጣሳ ናፍጣና አንድ አሮጌ ጆንያ ሰጡኝና የጭነት መኪና አሳዩኝ። «ጆንያውን አንጥፍ፣ ግባ፣ ጭቃውን ፍቀህ አውጣ» አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ከሥሩ ስወጣ የሚታየው ዓይኔ ብቻ ነበር። ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ይህ መኪና ከየት ነው የመጣው?»

«አላውቅም፣ ሐጂ። ሾፌሩን አላገኘሁትም።»

«ቀኑን ሙሉ ጭቃውን ስትፍቅ ውለህ አታውቅም? ላይ ላዩ ቀይ አፈር ነው፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከጥቁሩ ሥር ደግሞ የቡና ገለባ። መኪናው የዋለበትን ሁሉ ነግሮሃል። አንተ ነህ ያልሰማኸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቃ ማንበብ ያዝኩ። ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። ሞተር የተማርኩት ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ያበላሸኋቸው ጥቂት አልነበሩም።

ደርግ ከመጣ በኋላ አዲስ መኪና ለግለሰብ ሕልም ሆነ። ትልልቆቹ የቡና እርሻዎች ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ፤ መኪኖቻቸውም አብረው። እነዚያ መኪኖች ሲያረጁ በጨረታ ይሸጡ ነበር። የጨረታው ደንብ አጭር ነው፦ ማየትና መንካት ይፈቀዳል፤ መፍታትና ማስነሳት ክልክል ነው። የምትሰጠውን ዋጋ ጽፈህ በታሸገ ፖስታ ታስገባለህ። ከተሸጠ በኋላ «አሞኝተውኛል» ብትል የሚሰማህ የለም።

ስለዚህ ሰዎች የሚያይላቸው ሰው ይፈልጉ ጀመር፤ እኔም፣ ያኔ የራሴን ጋራዥ ከፍቼ ስለነበር፣ ያ ሰው ሆንኩ። መሣሪያዎቼ ሦስት ነበሩ። አንዱ ካቻቢቴ ነው። አንዱ በሽቦ ዘንግ ላይ ያሰርኩት ቁራጭ መስታወት ነው። ሦስተኛው ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁት መግነጢስ ሲሆን፣ ቀለም እንዳይቧጥጥ በመሐረብ ጠቅልዬዋለሁ። መግነጢሱ ብረት ሲያገኝ ይጣበቃል። በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባ ቀዳዳ ሲያገኝ ይወድቃል።

አንድ ቀን አባ ፊጣ ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ከየቡ መጡ። የአካባቢው ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ቡና አምራች፣ ረጅም፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ። ያን ቀን ግን አልቀለዱም።

«ሊሙ ገነት ሁለት ላንድሮቨር ለጨረታ ቀርቧል አሉ። ማኅበራችን አንዱን ሊገዛ ነው። ና እይልን።»

«ለቡና ጭነት ነው?»

«ቡናውስ በቅሎም ይሸከመዋል። ባለፈው ክረምት ሁለት ነፍሰ ጡሮች ጅማ ሆስፒታል ሳይደርሱ ቃሬዛ ላይ ሞቱብን። አንዷ የልጄ ሚስት ነበረች። ያለን ገንዘብ አንድ መኪና የሚገዛ ነው፤ ሁለተኛ የለም። ብትሳሳት ሌላ አንገዛም፣ ደምሴ።»

ማክሰኞ ሊሙ ገነት ደረስን። ፖስታ የሚገባው ሐሙስ እስከ ቀትር ነው። መኪኖቹ በአንድ የመንግሥት እርሻ ግቢ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ አረንጓዴ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ጎማው የሚያብለጨልጭ ነው። ሌላዋ የዛገች፣ ኮፈኗ በሽቦ የታሰረ፣ ባትሪ የሌላት ናት፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ጥላለች። የግቢው ዘበኛ ባሻ ተካ ወደ ዶሮዋ እያመለከቱ «እሷንም ከነዕንቁላሎቿ ነው የምንሸጠው» አሉን።

ገዢው ሁሉ አረንጓዴውን ከቧል። ማስነሳት ለገዢ ክልክል ቢሆንም፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ራሱ ቁልፉን ይዞ ሞተሩን እያስነሳ ያሰማል። እኔም ጆሮዬን ሰጠሁ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይመታል፤ ጭሱ ንጹሕ ነው። በጆሮዬ እኮራ ነበርና ልቤ ወዲያው ወሰነ።

«አባ ፊጣ፣ ይኸኛው ነው» አልኩ።

አባ ፊጣ ወደ መኪናው ኋላ ሄደው የጭነቱን ወለል በመዳፋቸው ፈተጉ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ «ኸህ» ብለው አፍንጫቸውን ቀበሩበት። ቡና ሲገዙና ሲሸጡ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ እፍኝ ፍሬ ላይ ተንፍሰው ያሸቱታል።

«ሸቷል» አሉ።

ሳቅኩ። «እርስዎ ደግሞ! ቡና እኮ አይደለም የምንገዛው።»

«አንተ ሞተር ታውቃለህ፣ ወላሂ አልክድህም። እኔ ደግሞ የኮመጠጠ ቡና አውቃለሁ። ይህ መኪና የእሸት ቡና ልጣጭ ሲሸከም ኖሯል። ቀለም ቀብተውታል፤ ሽታው ግን አልወጣም።»

ነገሩ ከነከነኝ። የእሸት ቡና ልጣጭ ከማጠቢያው ሲወጣ ውኃ ያዘለ ነው፤ ሲያድር ይኮመጥጣል። ልጣጩን ለችግኝ ጣቢያው ማዳበሪያ እንዲሆን በላንድሮቨር ያመላልሱት ከነበረ፣ ያ ኮምጣጣ ውኃ የት ሄደ? ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ሥር ያለው ደግሞ ሻንሲው ነው፤ መኪናውን ሁሉ የሚሸከመው ብረት።

ጆንያ አንጥፌ ከሥሩ ገባሁ። ሻንሲው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያምራል። መግነጢሱን ከፊት ጀምሬ አስጠጋሁት፤ ተጣበቀ። ወደ ኋላ ወሰድኩት። ከኋላ ጎማዎቹ አካባቢ ስደርስ ደረቴ ላይ ወደቀ። ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ሞከርኩ፤ ደግሞ ወደቀ። በካቻቢቴ ጫፍ ብነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ገባ።

ተኝቼ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው የቡና አገር ብቻ ነው። ጎብኚ በመጣ ቁጥር መኪናውን ከላይ አጥበው ያሳዩታል። ከሥር ያለውን ማንም አያየውምና ልጣጩ በላው። ሞተሩ እውነተኛ ነበር፤ የቆመበት ግን ባዶ ነው። እኔ ደግሞ በሞተሩ ድምፅ ተደስቼ ስምንት ሰው ጭኖ ገደል የሚገባ መኪና ላስገዛቸው ነበር።

ከሥሩ ስወጣ አንድ የጅማ ነጋዴ ጠጋ ብሎ «ጋሽ ደምሴ፣ እንዴት አየኸው?» አለኝ። «ሞተሩ ጥሩ ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም። እውነቱን ግን ሸሸግሁት። በማግስቱ ልነግረው አስቤ ነበር፤ አልነገርኩትም። መኪናውን እሱ ገዛው፤ ዓመት ሳይሞላው ሻንሲው መንገድ ላይ ለሁለት ተሰበረበት። ሰው አለመጎዳቱ የእኔ ደግነት አይደለም።

ከዚያ የዛገችው ሥር ገባሁ፤ የገባሁት ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሷም ልጣጭ ተሸክማለች፤ ወለሏ ተበልቷል። ሻንሲዋን ስነካ ግን እጄ ዘይት በዘይት ሆነ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙ ጊዜ የተቀባ ወፍራም የተቃጠለ ዘይት ነው። በካቻቢቴ ብፍቀው ከሥሩ ንጹሕ ብረት ወጣ። መግነጢሱ አንድም ቦታ አልወደቀም። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በሽቦ ተጠርገው ክፍት ናቸው።

ይህን ማን አደረገ? የመንግሥት መኪና ሥር ገብቶ ይህን የሚያደርግ ሾፌር አላውቅም ነበር። ባሻ ተካን ጠየቅኳቸው።

«ማቴዎስ ነዋ! የከምባታው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጠጅ ቤት ስንሄድ እሱ ከሥሯ አይወጣም። ‹ሚስትህ ናት ወይ?› እያልን እንስቅበት ነበር።»

«አሁን የት አለ?»

ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጴንጤ አይደል? ስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ መፈክር አላሰማም አለ። አባረሩት። ሄርማታ ገበያ ጆንያ ይሸከማል ሲሉ ሰማሁ።»

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፦ ሞተሯ። ባትሪ የላትም፣ ማስነሳት ክልክል ነው፣ ለምን እንደቆመች የሚያውቅ የለም። የሞተሩ ዋና አካል ብሎኩ ነው፤ እሱ ከተሰነጠቀ ንጹሕ ሻንሲ ብቻውን ሰው ሆስፒታል አያደርስም። አባ ፊጣን ሊሙ ገነት ትቼ፣ ማቴዎስን ፍለጋ በቡና መኪና ወደ ጅማ ተመለስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ገበያው ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው አሳዩኝ። ጆንያ አውርዶ ላቡን ይጠርጋል። ፊቱን ሳይ ደነገጥኩ፤ አውቀዋለሁ።

ሦስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ይህ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ጋራዤ መጥቶ ነበር። የተቃጠለ ዘይት ለመነኝ። ሰጠሁት፤ ነገር ግን በሠራተኞቹ ፊት «የመንግሥት መኪና ሥር ምን ታለቃቅሳለህ? የአባትህ ናት?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቤቴ ገብቼ ልጆቼን «የሰው ዕቃ ከራሳችሁ አስበልጣችሁ ያዙ» እያልኩ የማስጨንቅ አባት ነኝ። ያን ቀንም ማታ ያንኑ ሳልነግራቸው አልቀረሁም።

ማቴዎስም አልረሳኝም።

«ጋሽ ደምሴ! ዛሬስ ዘይቱን ራስዎ ይዘው መጡ?»

«ዘይት አልያዝኩም። ስለዚያች ላንድሮቨር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ለጨረታ ቀርባለች።»

ፈገግታው ጠፋ። «ማን ሊገዛት ነው?»

ነገርኩት። ስለ ቃሬዛውም ነገርኩት። ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ቢፈልግ በአንድ ቃል ሊበቀለኝ ይችል ነበር፤ ይህንንም ሁለታችንም አውቀናል።

«እኔ ታምሜ ሳለሁ ሌላ ሾፌር ውኃ ሳያይ ነዳት» አለኝ። «ቴስታታው ተሰነጠቀ፤ ከሞተሩ በላይ ያለው ክዳን ማለት ነው። እሱ ይቀየራል። ብሎኩ ግን ደህና ነው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ቴስታታውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ብሎኩን በባትሪ መብራት እያንዳንዱን ጥግ አየሁ። የዕቃውን ግዢ ስጠብቅ የመባረሬ ደብዳቤ መጣ። ስለዚህ ፒስቶኖቹ ላይ ዘይት አፍስሼ መልሼ ዘጋሁት፤ እንዳይዝጉ።»

«ደብዳቤው ከደረሰህ በኋላ?»

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔን ያባረረችኝ መኪናዋ አይደለችም።»



በዚያው ቀን ሊሙ ገነት ተመለስኩ። የሰው ቃል ማረጋገጥ ስድብ አይደለም፤ ሥራዬ ነው። የኮፈኑን ሽቦ ፈትቼ ማራገቢያውን በሁለት እጄ ያዝኩና ገፋሁ። ባሻ ተካ «መፍታት ክልክል ነው!» አሉ። «ሽቦ ነው የፈታሁት፣ ባሻ፤ እሱንም መልሼ አስረዋለሁ» አልኳቸው። ማራገቢያው በመጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ በዝግታ፣ ዘይት እንደጠጣ ነገር፣ ዞረ፤ ፒስቶኖቹ አልዛጉም ማለት ነው።

ለአባ ፊጣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማቴዎስን የሰደብኩትንም ጨምሬ። ሰምተው ሲጨርሱ «ታዲያ ሾፌሩስ በየትኛው ጨረታ ነው የሚገዛው?» አሉ።

«ጴንጤ ነው ብለው አባረውታል። ማኅበሩ ላይ ነገር እንዳይመጣ።»

«ዲሲ! ተወው። እሱ ይጸልይ፣ እኔም እሰግዳለሁ፣ መኪናዋ ትሂድ።»

ሐሙስ ፖስታ አስገባን። የዛገችውን የፈለገ ሌላ ሰው ስላልነበረ በማይረባ ዋጋ አገኘናት። ቴስታታ ከአንድ የተጣለ መኪና ላይ ፈታሁ፤ ወለሏን በላሜራ ሠራሁ። ጋራዡ ውስጥ ከማቴዎስ ጋር ጎን ለጎን ከሥሯ ተኝተን ስንሠራ፣ ያኔ ሠራተኞቹ ፊት ስለሰደብኩት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እነዚያው ሠራተኞች እየሰሙ። «ዘይቱን ግን ሰጥተውኛል» አለኝና መፍቻ እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ መኪናዋ በጋራዡ በር በኩል ወደ ሆስፒታሉ አለፈች። ማቴዎስ አላየኝም። አባ ፊጣ ከኋላ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ደግፈው ተቀምጠዋል። ሲመለሱ ጋራዡ በር ላይ አስቆሙት። ወርደው ጭቃውን ረግጠው መጡ።

«ወንድ ነው። እናቱም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ከዚያ መዳፋቸውን በመኪናዋ ጎን ፈትገው፣ «ኸህ» ብለው ተንፍሰው፣ አሸተቱት። «ዘይት ዘይት ትላለች» አሉ፤ ሳቁ።

ወደዚህ ሙያ ለምትመጡ የምለው ይህን ነው። አሮጌ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ከሥሩ ተኙ። ቀጥሎ የነዳውን ሰው ፈልጉ። ሞተሩን በሦስተኛ ስሙት። እኔ ያን ማክሰኞ ሞተሩን አንደኛ አድርጌው ነበር።