ሞልቶ የማያውቅ ጉድጓድ

ሀሰኖ ጠንቃቃ ነጋዴ ነው። ሰበታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ሲረከብ እንኳ ዘርግቶ፣ በብርሃን አይቶ፣ በጥፍሩ ፈትጎ ነው። ቤት ሲገዛ ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደገባ እስከ ዛሬ ራሱን ይጠይቃል። ጣራው ላይ ወጣ፣ ግድግዳውን በጡጫው መታ፣ አጥሩን ዞረ። ያላየው የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ብቻ ነው።

ሚስቱ ሚንሃ ነግራው ነበር። ወንድሟ ቡራዩ የገዛው ቤት በየክረምቱ ጓሮው እየሞላ ሲያሰቃየው አይታለችና «ክዳኑን ሳታስከፍት እንዳትፈርም» ብላዋለች። እሱም ሊያስከፍት ነበር። ግን በውሉ ቀን ሻጩ ኦቦ ባጫ አግዳሚ ወንበሮቹን ጓሮ ጥላ ስር ባለው ሲሚንቶ ላይ ደርድረው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠው ጠበቁት። ያ ሲሚንቶ የጉድጓዱ ክዳን ነው። ታዲያ እነዚያን የተከበሩ ሰዎች «እስቲ አንዴ ተነሱልኝ፣ ከስራችሁ ያለውን ልየው» ይበል? ከሽማግሌ ፊት ቀና ብሎ እንዳያወራ ተመክሮ ያደገ ሰው፣ ሽማግሌ አስነስቶ የሰው ሽንት ቤት ይክፈት? ክዳኑን ተወና በአፉ ብቻ ጠየቀ።

«ኦቦ ባጫ፣ ጉድጓዱስ እንዴት ነው?»

«እሱን ተወው! ይህን ሁሉ ዘመን ስንኖርበት ሞልቶ አያውቅም። መጣጭ መኪና እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም።»

ባጫ አልዋሹም። ሰፈርተኛው ሁሉ የማይሞላ ጉድጓድ በረከት ነው ይላል። ሀሰኖም በረከት ነው አለና ፈረመ። ከዚያ በኋላማ ጉራው አይጣል ነው! ጎረቤት መጣጭ መኪና ባስመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «የእኔ እኮ አይሞላም» ይላል። የማይሞላው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

ከእሱ ግቢ ቁልቁል አዴ ተረፈች ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ባላቸው ከቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ እየጠጡ ነው የሚኖሩት፤ ያንን ውሃ ሲያወድሱ መስማት ነው። የከተማው ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ለሀሰኖ ቤት እቃ ማጠቢያ የሚቀዳው ከእሳቸው ነው። ለመጠጥ ግን ሀሰኖ ከሱቅ የታሸገ ያመጣል።

በ2008 የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ገበሬውን ከመሬቱ ያስነሳል ተባለና ወጣቱ ተነሳ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሱቆች ተቆለፉ። አንድ ቀን ሰልፉ መጤ ነጋዴ ወደሚሉት ወደ ሀሰኖ ቤት ሲያመራ፣ አዴ ተረፈች ነጠላቸውን በሩ ላይ አንጥፈው ተቀመጡ። «ኩን ማነ ኢልመ ኮቲ!» አሉ። የልጄ ቤት ነው ማለታቸው ነው። «የምትነኩት ከሆነ ከእኔ ጀምሩ።» ወጣቶቹ እያጉረመረሙ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሀሰኖ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ጊዜ ተርፎት፣ ጓሮው ላይ አንዲት ክፍል ሊሠራ ፈለገና የጉድጓዱን ክዳን አስነሳ። ውስጡ ግንብ የለውም፣ ወለልም የለውም። ድንጋዩ በአንድ ወገን ተሰንጥቆ፣ እርጥበቱ ቁልቁል ወደ ተረፈች ግቢ ይወርዳል። ሀሰኖ እየሮጠ ገብቶ ለሚንሃ ነገራት።

«ዛሬውኑ ንገራቸው» አለች ሚንሃ።

«አብደሻል? መጤው ነጋዴ የገበሬ ውሃ በከለ ሲባል ምን እንደሚመጣ አታውቂም? ነገሩ ይብረድ።»

ያ ሰሞን ወሬ ብቻውን ቤት የሚያቃጥልበት ስለነበር ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሽንት ቤቱን ዘጋ፤ ግን መሬቱ የጠጣውን ማን ያስመልሰው? የታሸገ ውሃ በእሽግ በእሽግ ላከላቸው። አዴ ተረፈች ሳቁበት። «እኔ የጉድጓድ ውሃ እያለልኝ የላስቲክ ውሃ ምን ያደርግልኛል?» አሉና ለእንግዳ አስቀመጡት። ሀሰኖ በአጥሩ በኩል በጣሳ ቀድተው ሲጠጡ ያያል። ነገ እነግራቸዋለሁ ይላል። ነገም እንደዚያው ይሆናል።

አንድ ጠዋት አዴ ተረፈች አልተነሱም። ትኩሳቱ አቃጥሎ፣ ተቅማጡ አድክሞ፣ ሰውነታቸው ከአልጋው ጋር ተጣብቋል። ሀሰኖ መኪና ለምኖ ይዟቸው ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ መንገድ የዘጉት ወጣቶች እሳቸውን ሲያዩ ድንጋዩን በእጃቸው አነሱ። ሆስፒታል ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ብዙ ቆይተዋል ተባለ። ሞት ደጃቸው ደርሶ ተመለሰ እንጂ የቀድሞ ጉልበታቸው አልተመለሰም።

አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። አዴ ተረፈች ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ጠየቁት።

«መቼ አወቅክ?»

«ከመታመምዎ በፊት።»

«ማንን ፈርተህ ነው?»

«ልጆቹን... ግቢዬን እንዳያቃጥሉ።»

«ልጆቹን ማን ነበር የመለሳቸው?» አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁበት፣ ቢረግሙት ይሻለው ነበር።

ለማንም አልተናገሩበትም። ከሆስፒታል ሲመለሱ ባላቸው የቆፈሩትን ጉድጓድ በድንጋይና በአፈር አስደፈኑ። ሀሰኖ የራሱን የሽንት ቤት ጉድጓድ በግንብ አሠርቶ፣ ከቧንቧው መስመር ልዘርጋልዎ ብሎ ሽማግሌ ሳይቀር ላከ። አመስግነው እንቢ አሉ።

አሁን ጄሪካናቸውን ይዘው ዳገቱ ላይ ካለው ቦኖ ይቀዳሉ። መንገዱ በሀሰኖ በር ነው። ሰላም ይሉታል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል። ልያዝልዎ ሲል «ግድየለም» ይላሉ። ሲደክማቸው ጄሪካኑን አስቀምጠው ትንሽ ያርፋሉ፤ የሚያርፉት ግን የእሱን በር ካለፉ በኋላ ነው።