የገሪማ ቡና በእሁድ ቀን

ሽብሩ ሙሉካን ያውቀዋል ብሎ ለመናገር ይከብዳል። ኢዲዶ ቀበሌ ላይ ማሳቸው ይዋሰናል፤ ወንጌልን ያመኑትም በአንድ ዓመት ነው። ዲላ እስር ቤት ደግሞ ሙሉካ ከቤት ባስመጣው ሰሌን ላይ አሥራ ሁለት ሌሊት አብረው ተኝተዋል። ቢሆንም ሙሉካ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚፈራ አንድ ቀን እንኳ አልነገረውም። ሽብሩ የሚያውቀው ጀርባውን ነው፤ ሁልጊዜ ቀድሞት ሲሄድ።

የታሰሩት በእሁድ ምክንያት ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ መጋዘን ከሆነ በኋላ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ገሪማ የጋራውን ቡና ለቀማ ሆን ብሎ እሁድ ጠዋት አደረገው። ሁለቱ እሁድ ቡና አንነካም አሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከእንግዲህ ለጸሎት እንዳይሰበሰቡ፣ እሁድም እንዲሠሩ የሚያስገድድ ወረቀት ቀረበላቸው። ሽብሩ አራስ ሚስቱን አስቦ ፈረመ። ሙሉካ አንብቦ መለሰው። ከስምንት ወር በኋላ ግራ እግሩን እየጎተተ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ የሽብሩ ሆድ እንዳረረ ነው። አማኞቹ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ ና ብለው ሁለት ጊዜ ላኩበት፤ ሙሉካ ካለበት ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። ማንም አልወቀሰውም፤ ያበገነውም ይኸው ነው። ሙሉካ ራሱ መንገድ ላይ ሲያገኘው ስለ ሕፃኑ ደኅንነት ይጠይቀዋል። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። የሚያስታግሰው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሙሉካም የጸናው ሲኦልን ፈርቶ ከሆነ፣ ሁለቱም ፈሪዎች ናቸው። እንዲያ ከሆነ አንገቱን ሳይደፋ ወደ ጸሎቱ ሊመለስ ይችላል።

በኅዳር አንድ እሁድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ በይርጋጨፌ በኩል ጠቆረ። ገሪማ ለስብሰባ ዲላ ወርዷል፤ የራሱ ቡና ግን ማድረቂያው አልጋ ላይ እንደተሰጣ ነው። ሽብሩ ከአጥሩ ሥር ሆኖ ሲያይ፣ ሙሉካ የሚተኛበትን ሰሌን ተሸክሞ እያነከሰ ወደዚያ ይሮጣል።

ሽብሩ አጥሩን ዘሎ ደረሰበት።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«እሁድ።»

«እሁድ ቡና አልነካም ብለህ አይደል እግርህ የተጎዳው? ያውም የገሪማን!»

«ሊበሰብስ ነው። በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ሽብሩ አልያዘም። እስከ ዛሬ ያመቀው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። አስመሳይ አለው፣ ሰው ፊት ጻድቅ ሆኖ ጓደኛውን የሚያሳንስ አለው። ሙሉካ ብቻውን ሰሌኑን ለመዘርጋት ሲታገል ነፋሱ ይነጥቀዋል።

«ለገሪማ ቡና የሚሻር እሁድ፣ ለእኔ አራስ ለምን አልተሻረም?»

«አልተሻረም ያለህ ማነው?» አለ ሙሉካ ቀና ሳይል።

ይህ ከስድብ ሁሉ ባሰበት። ዝናቡ ጀመረ። ሽብሩ እጁ ቀድሞት የሰሌኑን ጫፍ ያዘ። ቡናውን አልብሰው፣ ጫፉን በድንጋይ ጭነው፣ በአልጋው ግራና ቀኝ እየበሰበሱ ተፋጠጡ።

«እንግዲያው አንተ ለምን አልፈረምህም? ሲኦልን ፈርተህ ነው? አክሊል ፈልገህ ነው? ወይስ እኔን ለማሳፈር? ዛሬ ሳትነግረኝ አትሄድም።»

ሙሉካ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ይህን እንኳ አትጠይቀኝ፣ ወንድሜ፤ እሱ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ነው» አለው።