ይቅርታ የጠየቁኝ አሮጊት

ይህን ሚስቴ አታውቅም፤ ልጆቼም አያውቁም። አሁን እንኳ በጠራራ ፀሐይ በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው፤ ሰው በአጥሩ በኩል ባለፈ ቁጥር እጄ ይቆማል። ፈሪ ነኝ። ፈርቼ ያደረግሁትን ግን ልናገር።

ያኔ አሶሳ ውስጥ ጀርመንኛ የሚችል ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። አንዲት ጀርመናዊት ባርነት በየብሔረሰቡ ምን መልክ እንደነበረው ልታጠና መጣችና አስተርጓሚ አደረገችኝ። በመንጌ መንገድ ወዳለች መንደር ይዣት ሄድኩ። እማማ ሐዋ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ማንጎ ዛፍ ስር ተቀምጠው ጠበቁን።

በበርታ ቋንቋ ነበር የሚያወሩት። ትንሽ ልጅ ሳሉ ታላቅ እህታቸውን የአንድ ሀብታም ሎሌዎች ከወንዝ ዳር አፍነው ወሰዷት። የሀብታሙንም ስም ጠሩ። ከዚያ በፊት ሁለቱ እህትማማቾች ቀርከሃ ሲሰነጥቁ እማማ ሐዋ ስተው የእህታቸውን ትንሿን ጣት ቆርጠውባት ነበር።

“እሷ ሞታለች፣ አውቃለሁ” አሉኝ። “ወልዳ እንደሆነ ግን ይህችን ፈረንጅ ጠይቅልኝ። ሳልሞት አንዱን ልጇን ልዳብሰው።”

 የጠሩት ስም የወንድ አያቴ፣ የአባቴ አባት ስም ነበር። ያቺ ጣት የጎደላት ሴት ደግሞ የአባቴ እናት ናት። በዚያች እጇ ገላዬን አጥባኛለች። ቤታችን ውስጥ ግን አያቴ ብዬ ጠርቻት አላውቅም፤ ጌቶቿ ባወጡላት ስም “ሰዒዳ፣ ውሃ አምጪ” እያልኩ አዛት ነበር። እኔ፣ የልጅ ልጇ። አባቴ ሊሞት ሲል እንዴት እንደመጣች ነግሮኝ፣ ለማንም እንዳላወራ አስማለኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? በመሐላው ላሳብብ? አይደለም። የባሪያ ፈንጋይ የልጅ ልጅ ነኝ፤ የባሪያም የልጅ ልጅ ነኝ። የትኛው አስፈራኝ? ሁለተኛው። ያፈርኩት በጨቋኙ ሳይሆን በተጨቆነችው ነው። ልጄን ማን ያገባታል ብዬ ተጨነቅሁ፤ ልጄ ያኔ ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም ነበር።

ለጀርመናዊቷ “አንድ ልጅ ጠፍቷል፤ ሌላውን አያስታውሱም” አልኳት። በጀርመንኛ ልጅ የሚለው ቃል የሚነገረው ከወንድም ከሴትም ውጭ በሆነ በሦስተኛ ጾታ ነው። አያቴን እዚያ ውስጥ ደበቅኋት። ወንድ ነው ሴት ብላ ስትጠይቀኝም አይታወቅም አልኩ። ዞር ብዬ ደግሞ ለእማማ ሐዋ ፈረንጇ የምታውቀው ነገር የለም አልኳቸው። እሷማ ከየት ታውቃለች? የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ልንሄድ ስንነሳ እማማ ሐዋ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ዳበሱ። ቀስ ብለው ነበር የዳበሱኝ። የለመኑት በእጃቸው ገብቶ ነበር፣ አላወቁም።

“ልጄ፣ አንተስ የማን ልጅ ነህ?” አሉኝ።

አሁንም አልረፈደም ነበር። “የእህትዎ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን የሀብታሙን አያቴን ስም ጠራሁ። ያ ስም ይከልለኛል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እጃቸው ከራሴ ላይ ወረደ። ያን ቀን እዚያ ዛፍ ስር ከእኔ የበለጠ የፈራ ሰው አየሁ። ወደ ኋላቸው እያፈገፈጉ “ሲዲ” አሉኝ፤ ጌታዬ ማለታቸው ነው። “አላወቅኩዎትም። ያወራሁትን ሁሉ ይርሱልኝ። ይቅር ይበሉኝ።”

እኔም “ይቅር ብያለሁ” አልኳቸው።

በዚያው ክረምት ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ለቀብራቸው አልሄድኩም። አሁን ልጄ ደርሳለች። ሰሞኑን ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፤ የማን ዘር ናችሁ ብለው ይጠይቁኛል። የቱን ስም እንደምጠራ እስካሁን አላውቅም።

አንባቢዬ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታ ልለምናቸው የሚገባኝ ሴት እኔን ለምነውኝ ሞተዋል፤ እኔም ተቀብያቸዋለሁ።