የልብ ምት ቆጣሪው

ከእርሻው ነጥለው ለሚሊሺያ ሥልጠና ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ያመጡት ሙዘይን የሥልጠና ሰፈሩን የጤና ረዳት፣ የድሬሰሩን ስም ሰምቶ አያውቅም። ሰውየው ነጭ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ እጁ ላይ ትንሽ የሴት ሰዓት አስሯል፤ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ እጅጌውን ይጎትትበታል። ገበሬዎቹ ሮጠው ሲመለሱ የእያንዳንዱን አንጓ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል የልባቸውን ምት ይቆጥራል።

ያን ጠዋት ሙዘይንን አሳርፎ እንደገና ሲቆጥር ፊቱ ጠቆረ።

«አባቴ፣ ዛሬ አይሮጡም።»

«ጓድ፣ እኛ የምንፈልገው እግሩን ነው! ብቁ ነው ብለህ ፈርም!» ሲል አሠልጣኙ ጮኸበት።

«አርፎም ልቡ በደቂቃ መቶ ስድሳ ይመታል! ሰው ነው እኮ፣ የጭነት በቅሎ አይደለም!» ድሬሰሩ የብቃት ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ዘረጋለት። «ቢሞት ገዳዩ እንዲታወቅ አንተው በስምህ ፈርም!»

አሠልጣኙ እስክሪብቶውን ትክ ብሎ አየው፤ ሳይነካው ሌሎቹን እየነዳ ወደ ሩጫው ተመለሰ።

«አላህ ይጠብቅህ፣ ልጄ» አለ ሙዘይን።

ድሬሰሩ አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«አምና ለአንዱ ፈርሜ ነበር» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «ከሜዳው አልተነሣም።»